ዓባይን ለሚሻገር ወጣት ሰባኪ የሚገባ ስንቅ

(በይጁቤ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተነገረ ንግግር)



 በዓሉን ያሰናዱት አባቶች ስለ ደብሩ ታሪክ እንድናገር አዝዘውኝ ነበር። ነገር ግን ያንን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ አረጋውያን ስለ ተናገሩልን፣ እኔ ስለ ሌላ ነገር እናገር ዘንድ ለምኜ ተፈቀደልኝ። ይኸውም ከዚህ አጥቢያ ጥቂት ወጣቶች ወንጌልን ለማስተማር ከዓባይ ማዶ ወደ ጉድሩና ወደ ወለጋ ሄደው ብዙ ወራት ሊቀመጡ ስለ ተነሡ፣ ከመሄዳቸው አስቀድሞ ሊያሰናዱት ስለሚገባው ነገር ነው።

ስለ መንገድ ምግብ አልናገርም። የጎጃም እናት ልጇን ወደ ሩቅ አገር ስትሰድ መካሪ አያስፈልጋትም፤ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው ሳይነገራት ይሰናዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ በአኩፋዳው ከሚይዘው ይልቅ በአፉ ይዞት የሚሄደው ነው።

በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ስለ ስደት ሲነሣ ጥቂት መኩራታችን አይቀርም። ኩራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በዐሥርና በዐሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ከእናት ከአባት ተለይቶ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ለውሻው በትር ይዞ፣ በየደጁ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቍራሽ የሚለምን ልጅ፣ የእንግድነትን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቃል። (ውሻ አልፈራም የሚል ተማሪ ቢኖር፣ እርሱ ሳይለምን የተማረ መሆን አለበት።) ከደብረ ኤልያስ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ዲማ እየተዘዋወረ፣ ዛሬ ያበላው ደጅ ነገ ባይከፈትለት ሳይቈጣ ማለፍን ይማራል። ይህ ለሰባኪ ታላቅ ስንቅ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ተማሪው ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ጉባኤ ቃና በመምህሩ ፊት ሲቀኝ፣ ሁለት ቤት ብቻ የሆነችውን ያችን ቅኔ መምህሩ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት ያፈርስበታል። ተማሪውም እጅ ነሥቶ ይቀመጣል፤ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ቅኔ ቤት ከሰጠን ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን በሰው ፊት ታርሞ አለመቀየምን ነው። እንግዲህ ከዓባይ ማዶ የሚሄድ ወጣት ይህን ልብ ይዞ ይሂድ፤ በዚያ የሚያርሙት ሕፃናትና እረኞች ናቸውና።

ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ያልተማረው አንድ ነገር አለ። ከዲማ እስከ ዋሸራ ቢዞር የሚከፈትለት ደጅ ሁሉ በእናቱ ቋንቋ የሚከፈት ነው። ርቦት ሲለምንም፣ ተሰድቦ ሲመለስም፣ ተመርቆ ሲሸኝም የሚሰማው ቃል የሚያውቀው ቃል ነው። ከዓባይ ማዶ ግን እንዲህ አይደለም።

የዚህ አገር ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ሊያውቅ ይገባው ነበር። በባሶ የነበረው ታላቅ ገበያ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት በጎጃም ሁሉ የታወቀ ነበር። ከላይ አገር አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርድለታል፤ ከማዶም ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይመጣለታል። አፍረን የምንናገረው ቢሆንም፣ ሰውም እንደ ከብት ይሸጥበት ነበር። ወደ ማዶ የምትሄዱ ልጆቼ፣ የምታስተምሩት ሕዝብ የእነዚያ የተሸጡት ወገን እንደ ሆነ አትርሱ። የባሶ ነጋዴ ወደ ጉድሩ ወደ አሰንዳቦ ገበያ ሲሻገር ኦሮምኛ ሳያውቅ አይሄድም ነበር፤ ቋንቋውን የማያውቅ ነጋዴ ይታለላልና። ስለ ቡና ትርፍ ቋንቋ የሚማር ካለ፣ ስለ ነፍስ መዳን የሚሄድ ሰው ያለ ቋንቋ መሄዱ ምን ይባላል?

አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ በወጣትነቱ ወደዚያ አገር ወርዶ ነበር። ሲመለስም ይህን አጫወተኝ። ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ገብቶ ወተት ሰጥተውት ሲጠጣ፣ አሮጊቷ አንድ ነገር ጠየቁት። እርሱም የጠየቁት ስለ ሃይማኖት መስሎት፣ ቆሞ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ በአማርኛ ብዙ ተናገረ። አሮጊቷም ዝም ብለው ሰምተው ወተት ጨመሩለት። በኋላ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲነግረው፣ የጠየቁት «ልጄ፣ አልደከመህም ወይ?» ብለው ነበር። እኛ ስንሰማ ብዙ ሳቅን። እርሱ ግን አልሳቀም። «የጠየቁኝን ብመልስላቸው ኖሮ የምነግራቸውን ይሰሙኝ ነበር» አለ።

ወደ ጥንቱ ብንመለስ የሃይማኖታችን አባት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሄዱበት መንገድ ይህንኑ ያሳያል። ፍሬምናጦስ ከጢሮስ አገር በልጅነቱ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር ወደ አክሱም በመጣ ጊዜ ሰባኪ ሆኖ አልመጣም፤ በመርከባቸው ላይ የነበሩት ሰዎች ተገድለው እርሱና ወንድሙ ተማርከው ወደ ንጉሡ ቀረቡ። በዚያም በቤተ መንግሥት እያገለገለ፣ የንጉሡን ልጅ እያሳደገ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለዚህ አገር ጳጳስ እንዲሾም ቅዱስ አትናቴዎስን የለመነው። አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል እንዳላገኘ ተናግሮ እርሱን ራሱን ሾሞ ሰደደው። ሹመቱ የመጣው ቋንቋውንና የሕዝቡን ልማድ ካወቀ በኋላ ነው። እኛ ዛሬ የምናደርገው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው፤ አስቀድመን እንሾማለን፣ ቋንቋውን ይደርስበታል እንላለን።

ሌላ ምሳሌ ከራሳችን ወገን አለ፤ በጎጃም ብዙ ሰው ስለማያውቀው እነግራችኋለሁ። በዚሁ በጎጃም የተወለደ አብርሃም የተባለ መነኵሴ፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሉት፣ ኢየሩሳሌምን፣ አርመንን፣ ፋርስንና ህንድን ዞሮ በመጨረሻ በካይሮ ታሞ ተቀመጠ። በዚያም በፈረንሳይ ቆንሲል ርዳታ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን ወደ አማርኛ መለሰ። የተረጐመው ታትሞ ሳያይ ዐረፈ፤ መጽሐፉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ሙሉው ታትሞ ወጣ። ግእዝን ያልተማረ ባላገር ወንጌልን በእናቱ ቋንቋ የሰማው እንዲህ ባለ ሰው ድካም ነው። እኛ ይህን ደስታ ቀምሰናልና ለጎረቤታችን ልንነፍገው አይገባም።

የምናገረው ነገር ለአንዳንድ አባቶች ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ነገር ግን እውነት ስለ ሆነ አልተወውም። የካቶሊኩ ጳጳስ ማስያስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1852 በነጋዴ ልብስ ተሰውሮ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉድሩ ገባ፤ በኋላም የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ጽፎ በ1867 በፓሪስ አሳተመ። አናሲሞስ ነሲብም በሕፃንነቱ ተሽጦ በምጽዋ ነፃ የወጣ ሰው ነው፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 አሳተመ። እነዚህ ሁሉ በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ናቸው። ቢሆንም ወንዙን ያልተሻገሩት እኛ በቅርብ ተቀምጠን ሳለን፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው ቋንቋውን ተምሮ ሰዋስው እስኪጽፍ ድረስ መድከሙን ልንሰውር አንችልም።

በጥር 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ የተደረገውን ሹመት ሁላችሁ ታስታውሳላችሁ። ሹመቱ ከቀኖና ውጭ ነበር፤ በዚህ የምከራከር አይደለሁም። ነገር ግን ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም የሚል ነበር። ሥርዓት ያፈረሰውን ሰው መገሠጽ ይገባል፤ የሕዝቡን ጩኸት ግን ከእርሱ ጋር አብሮ መገሠጽ አይገባም። ይልቁንም በዚህ ዘመን ከዓባይ ወዲህም ወዲያም ብዙ ሰው እርስ በርስ በመጠራጠር ተጎድቷል፤ ቤትም ፈርሷል። ጎጃሜ ወጣት ዛሬ ወደ ማዶ ሲሻገር የሚያየው ሰው ሁሉ አስቀድሞ «ይህ ለምን መጣ?» ይለዋል። ለዚህ ጥያቄ በአማርኛ የሚሰጥ መልስ ግማሽ መልስ ነው።

እስኪ ደግሞ ከሩቅ አንድ እንይ። በአድዋ የተወለዱት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፣ ስማቸውም የማርያም መልእክተኛ ማለት ነውና እንደ ስማቸው ሆኑ። በአሜሪካ ተቀምጠው የሰውን ቋንቋና ጠባይ ካወቁ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ወደ ጃማይካ ሄዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያንን ደሴት በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጎብኝተው ነበርና፣ አባ ላእከ ማርያም በዚያ ያገኙት ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ የሚያይ ብዙ ሕዝብ ነው። እስኪ አስቡት፤ ሰባኪው የተላከው ከዚያው ንጉሥ አገር ነው፤ ዝም ቢል የሚወደድ፣ ቢናገር የሚጠላ ነው። አንዳንዶችም በንጉሡ ስም አጥምቁን ብለው ለመኑአቸው። እርሳቸው ግን በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንጂ አላጠምቅም አሉ። ይህን ሲሉ ሕዝቡን አልናቁትም፤ አብረውት ተቀምጠው ብዙ ዓመት አስተማሩ፤ ብዙ ሺሕ ሰውም ተጠመቀ። የታወቀው ዘፋኝ ቦብ ማርሊም በ1973 ዓ.ም. ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠመቀ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ሲያርፍ ሥርዓተ ቀብሩን የፈጸሙለት እርሳቸው ናቸው። ሕዝብ የሚወድደውን ነገር «እንዲህ አይደለም» ለማለት፣ ያ ሕዝብ አስቀድሞ የሚወድደው ሰው መሆን ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በአንድ ሳምንት ጉባኤና በድምፅ ማጉያ የሚገኝ አይደለም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልመለስ። አባቶቻችን ክረምቱ እንደ ወጣ ወደ ዓባይ ቈላ መውረድን ይከለክሉ የነበረው ንዳዱን ፈርተው ነው። ዛሬ በደጀንም በቡሬም በኩል በድልድይ ስለሚታለፍ መንገዱ ቀልሏል፤ ወባው ግን ያው ነውና አጎበር ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ያዙ፤ መንገዱም ሰላም መሆኑን ሳታረጋግጡ አትነሡ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ለንስሐ አባታችሁ ሳትናዘዙና ከተጣላችሁት ሰው ጋር ሳትታረቁ አትሂዱ፤ ቂም ይዞ የሚሻገር ሰው ወንዙን አልተሻገረምና። በደረሳችሁበት አገር አስቀድሞ ካህን አለ፤ ከእርሱ በታች ሆናችሁ እርሱ ያዘዛችሁን ሥሩ እንጂ አዲስ ሐዋርያ የመጣ አታስመስሉ።

በዚያ ስትቀመጡ ኦሮምኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት እደሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አትስበኩ ብል ትደነግጡ ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲሁ እላለሁ። ውኃ ቅዱ፣ አጨዳ አግዙ፣ ልቅሶ ድረሱ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ ስሙ። የኦሮሞ ሽማግሌ ምርቃትና ተረት የቅኔ ቤት ሰው ቢሰማው ሰሙንና ወርቁን ለይቶ የሚደነቅበት ነው። ጽሕፈቱም ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ስለ ሆነ፣ እርሱንም ተማሩ። በግእዝ ፊደል ላሸበተ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህን መናገር ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ልጆቹ በዚያ ተምረዋልና ማንበብ የሚችሉት እርሱን ነው።

ለሰበካ ጉባኤውም አንድ ልመና አለኝ። ከሚሄዱት ልጆች መካከል የአባቱ ማሳ በእርሱ ትከሻ ላይ ያለ አለ። ልጁን «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብሎ ሸኝቶ ሽማግሌ አባቱን በበሬ ጅራት ብቻውን መተው ለዚህ ደብር አይገባም። በእርሻው ወራት አጥቢያው በደቦ ይረስላቸው፤ በአጨዳም እንዲሁ። እናቶቻቸውንም በሳምንት አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመደብ። ልጁ በማዶ ሆኖ ስለ ቤቱ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ቃል የሚሰማበት ጆሮ አይኖረውም።

በመጨረሻም፣ በዚህ አጥቢያ ወደ ማዶ እየተመላለሱ የነገዱ፣ ኦሮምኛንም እንደ አማርኛ የሚናገሩ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። እንዲያስተምሩ ለመንኋቸው፤ እሺ አሉኝ። ከመጪው ሰንበት ጀምሮ ቅዳሴ እንደ ወጣ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። የሚሄዱትም የማይሄዱትም መምጣት ይችላሉ፤ እኔም ከተማሪዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።