ፀሐይና ቆዳችን
(በሰፈራችን ማኅበር የወላጆች ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በየደጃፋችን ስላለና ገንዘብ ስለማይጠይቅ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ፀሐይ ነው። አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ያላት እየተባለች ስትጠራ ኖራለች። ታዲያ ፀሐይ በሞላበት አገር ልጅ በፀሐይ እጦት ይታመማል ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ነበር። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ፣ የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ልጆችና ያልያዛቸው 500 ልጆች ተመረመሩ። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ ሲገኝባቸው፣ ካልታመሙት የተገኘባቸው 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። ሪኬትስ አጥንትን የሚያለሰልስና የሚያጎብጥ በሽታ ነው። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን እንደ ልቡ መተንፈስና መሳል ያቅተዋል፤ ስለዚህ የሳንባ ምች ሲይዘው ይበረታበታል። እንግዲህ ነገሩ የእግር መጉበጥ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ፀሐይና አጥንት ምን አገናኛቸው? ፀሐይ ከምናየው ብርሃን ሌላ በዓይን የማይታይ፣ አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር ትልካለች። ወደ ምድር የሚደርሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዩቪ ኤ ይባላል፤ ወደ ቆዳ ጠልቆ ይገባል፣ ቆዳንም ያስረጃል። ሁለተኛው ዩቪ ቢ በላይኛው የቆዳ ክፍል ላይ ይቀራል፤ እዚያም ያለውን አንድ ዓይነት ስብ ወደ ቫይታሚን ዲ ይለውጠዋል። ያለዚህ ቫይታሚን ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ካልሲየም በሚገባ ወስዶ አጥንት ሊገነባበት አይችልም። የእናት ጡት ለሕፃን ወደር የሌለው ምግብ ቢሆንም ቫይታሚን ዲ ያለው በጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ኩርት ሑልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም በበርሊን ከተማ ሪኬትስ የያዛቸውን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት አክሞ ሲያድናቸው፣ መድኃኒቱ ጨረሩ መሆኑ ታወቀ።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ያሉ ተማሪዎችን መርምሮ ነበር። ከከተማው ልጆች ከመቶው 62 ያህሉ፣ ከገጠሮቹ ግን 21 ያህሉ የቫይታሚን ዲ እጥረት ተገኝቶባቸዋል። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የተለየው አኗኗሩ ነው። የእኛንም ሰፈር እስቲ እንየው። ፎቁ በዝቷል፣ ግቢው ጠቧል፤ የሕፃኑም ውሎ ከቤት ውስጥ ሆኗል። ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት እየተባለም ተሸፋፍኖ ይውላል። አንዳንዶቻችን ደግሞ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ይበቃዋል እንላለን። አይበቃም! መስታወት ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ዩቪ ቢን ያስቀረዋል። ቅቤና ቫዝሊን መቀባቱም ብቻውን አጥንት አያጠነክርም።

ነገር ግን ይኸው ጨረር ሲበዛ ይጎዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት፤ የጨረሩ ኃይል ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም እንጂ የቀትሩ ጨረር ብርቱ ነው። ቆዳን ያቃጥላል፣ ለዓይን ሞራ ይዳርጋል፤ የቆዳ ሕዋስን እየጎዳም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ምች መታኝ ብለን ዳማከሴ የምንፈልግለት የከንፈር ቁስልም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየን ቫይረስ ብርቱ ፀሐይ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ጥቁር ቆዳችን ሜላኒን የሚባል ቀለም ስላለው ጥላ ይሆነናል። በሌላ በኩል ግን ይኸው ቀለም የቫይታሚን ዲውን ሥራ ያዘገየዋል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ይህ ጥላ ስለሌላቸው ወይም በጣም ስለሚያንሳቸው፣ ፀሐይ ከሁላችንም ይልቅ ትጎዳቸዋለች።

በመሆኑም የሚከተለውን አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ ሕፃናትን በጠዋት፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ደጅ አውጥተን ፀሐይ እናሙቃቸው። ዓይናቸውን ከልለን፣ እጅና እግራቸውን ገልጠን፣ በጥቂት ደቂቃ ጀምረን እስከ ሩብ ሰዓት ድረስ ማሳደግ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥላችን ከቁመታችን ባጠረ ጊዜ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነውና ሕፃናትን ወደ ጥላ እናስገባ። እኛም ባርኔጣ፣ ነጠላ ወይም ጃንጥላ አንርሳ።

ሦስተኛ፣ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ያስፈልገዋል፤ በክፍሉም ፀሐይ ከማይመታው ቦታ እንዲቀመጥ ለአስተማሪው እንንገር።

አራተኛ፣ ጥርሱ የዘገየ፣ እርግብግቢቱ በጊዜው ያልገጠመ፣ የእጁ አንጓ ያበጠ ወይም እግሩ የጎበጠ ልጅ ካለ፣ በፀሐይ ብቻ ይድናል ብለን ሳንቆይ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ መድኃኒት አለው።

በመጨረሻም፣ እናት ሥራ ስትውል ሕፃኑ ከሞግዚት ጋር ነው የሚቀረው። ስለዚህ ይህንን ምክር ለሞግዚቶችም እናስረዳ። ፀሐይ የሚገባበት ግቢ ያለው ሰውም ለጎረቤቱ ልጅ በሩን ይክፈት፤ ሩብ ሰዓት ለማንም አትከብድም።