አለንጋም ሆነ ከረሜላ ብቻውን ልጅ አያንጽም
(ለወላጆችና ለመምህራን ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

 

ኮሚቴው ስለ ልጆች አስተዳደግ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ልጅ ለወላጁ ስላለበት ሐቅ ለመናገር ነበር። ኋላ ግን እኔ ራሴ በልጆች ላይ ያጠፋሁትን ደብቄ የልጆችን ግዴታ ብቻ ብዘረዝር ነውር መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ስለ ሕፃናት ክፍል ሥርዓት፣ ስለ ቅጣትና ስለ ሽልማት ያየሁትን አካፍላችኋለሁ።

እኔ ቁርኣን የቀራሁት በአለንጋ ነው። አባቴ ለሸኻችን ሲያስረክበኝ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ማለቱን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ሸኻችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነበር። እኛ ግን ሉሐችንን ይዘን ስንቀመጥ ዓይናችን ከፊደሉ ይልቅ አለንጋው ላይ ነበር። የቻለው ታግሦ ቀራ፤ ያልቻለው ጠፋ። ከጠፉት መካከል ከእኔ የተሻለ አእምሮ የነበራቸው ነበሩ።

እኔም መምህር ስሆን በልጅ ላይ እጄን ላላነሳ ለራሴ ቃል ገባሁ። በአለንጋው ፋንታ ከረሜላ አመጣሁ። አንድ ገጽ የሐፈዘ ከረሜላ፣ ሱራ የጨረሰ እስክሪብቶ ያገኛል ብዬ አወጅኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያስደንቁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ልጆቹ ሙስሐፉን ሳይገልጡ «ዛሬ ምን አለ?» ማለት ጀመሩ። የሚሸለሙትም ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ልጆች ሆኑ።

ከኋላ የሚቀመጥ፣ ምላሱ ቶሎ የማይፈታለት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጌ «አንተማ ከረሜላ ሳትቀምስ ልታረጅ ነው» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በማግሥቱ አልመጣም። ሳምንት ሲሞላው ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ «ሸህ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል፤ የቂርኣቱ ሰዓት ሲያልፍ ይሻለዋል» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። አለንጋውን ከእጄ ጥዬ በምላሴ ይዤው ኖሯል።

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ በኋላ ነው መጻሕፍትን ማገላበጥ የጀመርኩት። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲጽፉ፣ ልጁ መልካም ሲሠራ በሰው ፊት እንዲመሰገንና እንዲሸለም፣ አንድ ጊዜ ሲሳሳት እንዲታለፍ፣ ቢደግመው ደግሞ ለብቻው እንዲወቀስ ይመክራሉ። ወቀሳ ሲበዛበት ልጁ ይለምደዋል፤ ቃሉም ከልቡ አይገባም ይላሉ። ከትምህርት በኋላም እንዲጫወት ይፈቀድለት ይላሉ። በ1406 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢብኑ ኸልዱንም «ሙቀዲማህ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ በተማሪ ላይ የሚበዛ ጭካኔ ልጁን ወደ ስንፍና፣ ወደ ውሸትና ወደ ማስመሰል እንደሚገፋው አስረድተዋል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት በማላውቀው ነገር አስተምር ነበር።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም ከዚህ የራቀ አልተናገሩም። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆኑ ሕፃናት ተፈተኑ። «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ተብሎ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች፣ ከሳምንታት በኋላ በነፃነት ሲለቀቁ በሥዕል ላይ ያጠፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። እንግዲህ ልጅ በሚወደው ነገር ላይ ዋጋ ከለጠፍንበት፣ ዋጋው ሲነሳ ፍቅሩም አብሮ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ሽልማት ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር በአንድ የአራተኛ ክፍል፣ ተማሪዎቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው ሕግ ሲጣስ በቡድኑ ስም ሰሌዳ ላይ ምልክት ይደረግ ነበር። ምልክቱ ከተወሰነው ቁጥር ካላለፈ ሁለቱም ቡድኖች ማሸነፍ ይችሉ ነበር። ሽልማቱም ገንዘብ አልነበረም፤ ለምሳ ቀድሞ መሰለፍና በቀኑ መጨረሻ ነፃ ጊዜ ማግኘትን የመሰለ ነበር። ረብሻውም በጣም ቀነሰ።

እነዚህን አገናዝቤ በክፍሌ ውስጥ አራት ነገሮችን ለወጥኩ።

አንደኛ፣ ሕጎቹን አሳጠርኩ። «አትጩኹ፣ አትሩጡ፣ አትንኩ» የሚለውን ትቼ «ተራህን ጠብቅ፣ ጓደኛህ ሲያነብ አድምጥ፣ ሙስሐፉን በክብር ያዝ» አልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉም ከልጆቹ ጋር ተለማመድናቸው።

ሁለተኛ፣ ምስጋናዬን ከሥራው ጋር አያያዝኩት። «ጎበዝ» ብቻ ማለት ልጁ በምን እንደጎበዘ አይነግረውም። «ትናንት ያስቸገረህን ቃል ዛሬ አስተካከልከው» ሲባል ግን መንገዱን ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ልጁን ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከትናንት ራሱ ጋር አነጻጸርኩት።

አራተኛ፣ ወቀሳን ለብቻ አደረግኩ።

ስለ ዱላ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ስለዚህ «የኛ ልማድ ነው» የሚለው ምክንያት በሕግም ዘንድ አያቆምም።

ያ ልጅስ? ያሳፈርኩት በልጆች ፊት ነበርና ይቅርታ የጠየቅኩትም በልጆች ፊት ነው። መጀመሪያ አላመነኝም፤ ብዙ ቀን በር አጠገብ ተቀምጦ ወጣ። ጠዋት ሙስሐፍ የማደሉን ሥራ ሰጠሁት። ቀስ በቀስ ወደ ፊት መጣ። ከጓደኞቹ ዘግይቶም ቢሆን ጁዝ ዐመን ጨረሰ። የዚያን ቀን ከረሜላ አልሰጠሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ወደ እናቱ እየሮጠ ሄደ።

ወላጆች ሆይ፣ «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» እንላለን። እንግዲያው ዛሬ ማታ ልጃችሁ ከትምህርት ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መምህራን ሆይ፣ ከኋላ የሚቀመጠውን ልጅ በስሙ ጥሩት። ሆዴን ብሎ የቀረውን ደግሞ ቤቱ ድረስ ሂዱና ጠይቁት፤ ሕመሙ እኛ ዘንድ ሊሆን ይችላልና።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።