ቡና ላይ የሚጀመር ሥልጠና
(ዓርብ ፈርዋኒያ በነበረን ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ማዳም ያልለቀቀቻቸው በስልክ እየሰሙን ነው።

እዚህ ሳልመጣ በገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ 16 ፓኬጅ። ክትባት፣ ወባ፣ ሽንት ቤት፣ የቤተሰብ ምጣኔ ተምረናል። የሚስት ድብደባ ግን ራሱን የቻለ ፓኬጅ አልነበረውም። ቤት ለቤት ስንዞር ግን ዓይኗ አብጦ «በር መታኝ» የምትል ሴት አናጣም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ ቡታጅራ አካባቢ ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው 100 ሴቶች 71ዱ ከባላቸው ድብደባ ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ሕግ የለም እንዳይባል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 አለ። ግን ሴትዮዋ ፖሊስ ጋ ሳትደርስ ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ሼሁ፣ የእድሩ ዳኛ ይቀድሟታል። እነሱ «ቻይው» ካሏት እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ከጤና ሠራተኛዋ ጋር እነሱም መሠልጠን አለባቸው።

በጉራጌ ዞን መንደሮች በኋላ የተሞከረው ደስ ይላል። ቡና ተፈልቶ፣ የሠለጠኑ አወያዮች ሰዉን በ14 ዙር አወያዩ፤ ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ ባልና ሚስትም አብረው። ሲጠና ለውጡ ጎልቶ የታየው ወንዶቹ ለብቻ በተወያዩበት ነው።

ለእኛስ ምናችን ነው? እዚህም የተመታች ልጅ መጀመሪያ የምትነግረው ለአንዳችን ነው። ስለዚህ እኛም እንሠልጥን።

አንደኛ፣ አድምጫት፤ «ምን አድርገሽ ነው?» አትበያት። ሁለተኛ፣ ምስጢሯን ጠብቂ፤ ቲክቶክ ላይ አይውጣ። ሦስተኛ፣ አትወስኝላት፤ መንገዱን አሳያት። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ 112 ይደወላል። ተደፍራ ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ብቻዋን አትሂድ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ አሠሪ ፓስፖርቷን እንዳይዝ እንደሚከለክልም ትወቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብር የሚልክ ሰው አገር ቤት ይሰማል። ትናንት ከሽማግሌ ፊት ቀና ብለን የማናወራ ዛሬ አባትም ወንድምም ያማክሩናል። ወንድምሽ ሚስቱን እንደሚመታ ከሰማሽ፣ ሐዋላው ደረሰ ወይ ብለሽ ስትደውይ ይህንንም ንገሪው። ከአንቺ ሲሰማው ይከብደዋል።