የአሮጌ ሽጉጥ የትውልድ አገር ከማኅተሙ እንዴት ይታወቃል?

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ንግግሬ ስለ አሮጌ ሽጉጥ ነው። ይህንንም የመረጥሁት መሣሪያን ለማወደስ አይደለም፤ ማንበብ ለሚችል ሰው ብረትም የታሪክ ምስክር መሆኑን ለማሳየት ነው።

የቀድሞ ሰዎች የመሣሪያን ትውልድ በስሙ ይይዙት ነበር። ግራ በሚባለው ፈረንሳዊ ስም የሚጠራውን ጠመንጃ ውጅግራ፥ ከቤልጅግ አገር የመጣውንም ቤልጅግ አሉት። ነገር ግን ስም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይለወጣል፤ በብረት ላይ የተመታ ማኅተም ግን ካልተፋቀ በቀር እንደ ተመታ ይኖራል።

ለምሳሌ ያህል በጠላት ወረራ ዘመን የኢጣልያ ጦር ይይዘው የነበረውን ቤሬታ የተባለ ሽጉጥ እንመልከት። በግራ ጎኑ፥ በላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ፥ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለበት። መጀመሪያ የሠሪው ስም ይነበባል። ቀጥሎ «9 ኮርቶ» ይላል፤ ይህም አጭሩ የ9 ሚሊሜትር ጥይት ማለት ነው። ከዚያም «ሞዴል 1934» ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 1934 የሞዴሉ ስም ነው እንጂ ያ ሽጉጥ የተሠራበት ዓመት አይደለም። በመጨረሻም «ጋርዶኔ» የሚለው የከተማ ስም ይገኛል። ጋርዶኔ በሰሜን ኢጣልያ፥ በብሬሺያ አውራጃ ያለች የብረት ሠራተኞች ከተማ ናት። የቤሬታ ቤተ ሰብ በ1526 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር 185 የጠመንጃ አፈሙዝ ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት መሸጡ በጽሑፍ ይገኛል።

የተሠራበት ዓመት ከከተማው ስም ቀጥሎ በሁለት ዐይነት ቍጥር ይጻፋል። አንዱ የፈረንጆች ዓመት ነው። ሁለተኛው በሮማውያን ቍጥር የተጻፈ ሲሆን የፋሺስቶች ዘመን ነው። ፋሺስቶች በጥቅምት ወር 1915 ዓ. ም. ወደ ሮማ ዘምተው ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ይቈጥሩ ነበር። እንግዲህ «1937» እና «15» የሚል ቢገኝ፥ 15ኛው ዓመት ከጥቅምት 19 ቀን 1929 እስከ ጥቅምት 18 ቀን 1930 ዓ. ም. ያለው ነው። በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የየካቲት 12ቱ ግፍ የተፈጸመው በዚሁ ዓመት ውስጥ ነው። ገዢዎቹ ለዘለዓለም የመሰላቸው ዘመን ዛሬ በአሮጌ ብረት ላይ ብቻ ቀርቷል።

ሠሪውን ማወቅ ግን ባለቤቱን ማወቅ አይደለም። በዘውድ ሥር የተመቱ ሁለት ፊደላት የንጉሣዊው ምድር ጦር ንብረት መሆኑን ያመለክታሉ፤ ባሕር ኀይሉና አየር ኀይሉም የየራሳቸው ፊደል ነበራቸው። ይኸው ፋብሪካ ለሮማንያ ጦር በሠራው ላይ ደግሞ «ኮርቶ» በማለት ፈንታ በሮማንያ ቋንቋ «ስኩርት» ተብሎ ተጽፏል። ዳኛ በአንድ ምስክር ብቻ እንደማይፈርድ ሁሉ እኛም የሠሪውን ስም፥ ዓመቱን፥ የጦሩን ማኅተምና ተራ ቍጥሩን አስተያይተን እንፍረድ። በላይኛው ብረትና በታችኛው አካል ላይ ያለው ተራ ቍጥር የተለያየ ከሆነ፥ ሽጉጡ ከሁለት ሽጉጦች የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? አንድ ቤተ ሰብ፥ «ይህ ሽጉጥ አያታችን መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በማይጨው የማረኩት ነው» ይላል እንበል። ማኅተሙ 1937 ካለ በዚያ ቀን ሽጉጡ ገና አልተሠራም ነበር። ታዲያ አያትየው ዋሹ ማለት ነውን? አይደለም። ምናልባት ከዚያ በኋላ በዱር በገደል ሲዋጉ ማርከውት ይሆናል፤ ልጆቹም ከሁሉ ስሙ ከታወቀው ጦርነት ጋር አያይዘውት ይሆናል። ማኅተሙ የዐርበኛውን ክብር አይቀንስም፤ ጥያቄያችንን ወደ ትክክለኛው ዓመት ይመራል እንጂ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በቤቱ ያለ ሰው አስቀድሞ ሕጋዊ ፈቃዱን ያረጋግጥ፤ ጥይት እንደሌለበትም ዐዋቂ ይመርምርለት። ዝገቱን በሞረድ ወይም በአሸዋ አይፈግፍገው፤ ከዝገቱ ጋር ምስክሩ ይጠፋልና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ብረት የትና መቼ እንደ ተሠራ ይነግረናል። ማን እንደ ማረከው፥ በየትኛው ተራራ፥ በስንት ሰው ደም እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ያንን የሚያውቁት ከዐርበኞች አፍ የሰሙ አረጋውያን ናቸው፤ እነርሱም እያለፉ ነው። ስለዚህ ወደየቤታችን ስንመለስ የማኅተሙን ጽሑፍ በአንድ ገጽ፥ የአረጋውያኑን ቃል በሌላው ገጽ እንጻፍ። ሁለቱ ሲስማሙ ታሪክ እናገኛለን፤ ሳይስማሙም ቢቀሩ በትሕትና እንደ ገና እንጠይቅ።