የግዢ አስተባባሪ ሥራ ምንድን ነው?

(በቢቸናና በሞጣ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ዘንድሮው የጤፍ ግዢያችን ከመነጋገራችን በፊት ስለ ጦር ሠራዊት ግዢ ጥቂት እንድንል ፍቀዱልን። "ምን አገናኘው?" ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘው የአስተባባሪነት ሥራ ነው።

በሠራዊት ግዢ ዕቃውን የሚፈልገው ክፍል ሌላ፣ በጀት የሚይዘው ሌላ፣ ውል የሚፈርመው ሌላ፣ ቆጥሮ የሚረከበው ሌላ ነው። በአሜሪካ ምድር ጦር ለትላልቅ ግዢዎች በዋናው መሥሪያ ቤት የሚቀመጥ አስተባባሪ መኮንን አለ። ግዢውን የሚመራው ሌላ ኃላፊ ነው። አስተባባሪው በኃላፊውና በዋናው መሥሪያ ቤት መካከል ሆኖ መረጃ ያደርሳል፣ በጀቱን ይከታተላል፣ ችግር ሳይባባስ ለበላዮቹ ይናገራል።

ግዢ ከብዙ ዓይን ሲርቅ ምን እንደሚሆን በአገራችን አይተናል። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም በርካታ የመከላከያ ፋብሪካዎችን ያዘ። የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ግንባታም ተሰጥቶት በጊዜው አላለቀም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ኮርፖሬሽኑ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ገለጸ። የመከላከያ ግዢ ምስጢር ሊኖረው ይችላል፤ ምስጢር ማለት ግን ጠያቂ የለውም ማለት አይደለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አምና ከቢቸና ጤፍ ስናስገዛ አንዲት እህታችንን "አንቺ ታማኝ ነሽ" ብለን ገንዘቡንም፣ ግዢውንም፣ ርክክቡንም አሸከምናት። ሞጣ ሲደርስ ሁለት ኩንታል ጎደለ። ሚዛኑን ያየ ሌላ ሰው ስላልነበረ የት እንደጎደለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ከረመች። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሒሳብ የምንይዘው እኛም ደረሰኝ ሳንጠይቅ መዝግበናል።

ስለዚህ ዘንድሮ የቢቸና እህቶች ይግዙ፤ የሞጣ እህቶች መዝነው ይረከቡ። እኛ ሒሳቡን የምንዘጋው የግዢ ማዘዣው፣ ደረሰኙና የርክክብ ወረቀቱ ሲስማሙ ብቻ ነው። አስተባባሪዋ ገንዘብ አትነካም። ሦስቱን ወረቀት ታመሳክራለች፤ ካልተስማሙ "ቆዩ" የማለት መብት ይኑራት፤ ሊቀመንበሯም ብትሆን ትስማት።

ይህ አለመተማመን አይደለም። ታማኝ እህታችን ዳግም በከንቱ እንዳትታማ መጠበቂያ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሸክሙን እንካፈል።