ስለ ወፍጮ ቤታችን ሰልባትዮ
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነገረ)



ወፍጯችን ሦስት ቀን ቆሞ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። እህል ተሸክማችሁ መጥታችሁ የተመለሳችሁትን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሞተሩ ደኅና ነው። ያረጀው የናፍጣው ሰልባትዮ ነው፤ ከሥሩ ዝጎ ያንጠባጥባል።

የዛገው ከውስጥ ነው። ሰልባትዮው ጎዶሎ ሆኖ ሲያድር በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በሌሊቱ ብርድ ውኃ ይሆናል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ብረቱን ይበላል፤ ዝገቱም ፊልትሮውን ይደፍናል። ይህን ቀድመን አለማየታችን የኛ የኮሚቴው ጥፋት ነው።

«በብየዳ ይደፈን» ያላችሁ አላችሁ። ገንዘብ ለማዳን መሆኑ ይገባናል። ግን ናፍጣ የነበረበት ዕቃ ባዶ ቢመስልም ትነቱ ውስጡ አለ፤ እሳት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ። ይህን አንፈርምም። በቆርቆሮ ማሠራቱም አያዋጣም፤ የቆርቆሮው ዚንክ ከናፍጣ ጋር ሲቆይ አተላ ያመጣል። ስለዚህ በጥቁር ላሜራ ይሠራል፤ ከሥሩ የውኃ ማፍሰሻ ይኖረዋል። ወፍጮ ሠራተኛው ጠዋት ሞተር ሳያስነሣ ውኃውን ያወርዳል፤ ማታ ሞልቶ ያሳድረዋል።

የፈሰሰው ናፍጣ ላይ አፈር ነስንሰንበታል። ቦያችን ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚወርደው፤ ታች ያሉት ጎመን ያጠጡበታል።

ለቀብር የተቀመጠውን ገንዘብ አንነካም፤ ወጪው ከወፍጮው ገቢ ነው። ካልበቃ ተመልሰን እንጠይቃችኋለን።

አሮጌው ሰልባትዮ ግቢው ጥግ ተቀምጧል፤ ክብሪትም ሆነ ሲጋራ ይዞ የሚጠጋው እንዳይኖር።