ኮርቻው ከመጫኑ በፊት
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ፈረስ ነው። ከእናንተ መካከል፥ «በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ለሚውል ሰው የፈረስ ነገር ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እኔ ለሥራ የሚያስፈልገውን ትዕግሥት የተማርሁት በልጅነቴ ነቀምቴ ከተማ በአንድ የፈረስ ጋጣ ውስጥ በማገልገል ስለሆነ፥ የተማርሁትን ለሌላው ማካፈል እንደ ዕዳ ሆኖ ታየኝ።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሻምቡ ከተማ ያለችበት የሆሮ ጉዱሩ ደጋ ይገኛል። ይህ ደጋ ለፈረስ የተስማማ አገር ነው፤ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ከለዩዋቸው ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ በሆሮ ስም ይጠራል። ወደ ዴዴሳና ወደ አንገር ሸለቆ የተወረደ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ያለችው ፄፄ የምትባል የቆላ ዝንብ ገንዲ የተባለውን በሽታ ስለምታስተላልፍ፥ ፈረስ ይከሳል፤ ብዙውን ጊዜም ይሞታል። ስለዚህ በወለጋ ፈረስ የሚያረባ ሰው አስቀድሞ የሚማረው ፈረሱን የት እንደማይወስደው ነው።

በዚያው በሆሮ ጉዱሩ ምድር፥ በእምባቦ፥ በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በተዋጉ ጊዜ፥ የራስ ጎበና ዳጨ ፈረሰኞች ለምኒልክ ድል ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ራስ ጎበና በፈረሳቸው ስም አባ ጥጉ ተብለው ይጠራሉ፤ ምኒልክም አባ ዳኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መቻል ይባላሉ። ጌታው በፈረሱ ስም እስኪጠራ ድረስ ፈረስ የተከበረበት አገር ነው። ነገር ግን ጥጉን ወይም ዳኘውን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ያጠጣው፥ ያሸው፥ የገራው ሰው ማን ነበር? የእርሱን ስም የሚጠራ የለም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ስሙ ስለማይጠራው ሰው ነው።

እኔ ወደ ጋጣው የገባሁት ግልቢያ ለመማር ነበር። ባልደራሱ ግን በመጀመሪያው ቀን ያስያዙኝ ልጓም ሳይሆን መጥረጊያ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ኮርቻ ላይ አልወጣሁም። ፋንድያ እጠርጋለሁ፤ ጭድ እጎዘጉዛለሁ፤ ውሃ እቀዳለሁ። በዚህ ብናደድም፥ ሳላውቀው ትምህርቱ ተጀምሮ ኖሯል። ፋንድያውን እያየሁ የፈረሱን ጤና መለየት ቻልሁ። የፈረስ ጨጓራ ከገላው ትልቅነት ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ስለሆነ፥ ደግሞም ፈረስ የበላውን ሊያስመልስ ስለማይችል፥ ገብሱ ጥቂት በጥቂት እንዲሰጠው ተማርሁ። ሰኮናውን እያነሣሁ የተሰነቀረውን ጠጠር ማውጣት ለመድሁ። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ሰፊውን ሜዳ ቢያይም፥ ልክ ከጀርባው ያለውን አያይምና፥ ወደ እርሱ ሲቀርቡ ድምፅ እያሰሙ በትከሻው በኩል መሆን እንዳለበት አወቅሁ።

ግልገሉን መግራትም የራሱ ሥርዓት ነበረው። በመጀመሪያ ከእጅ መብላት ይለምዳል። ከዚያ ጋማውን፥ ጀርባውን፥ እግሩን ሲዳስሱት ዝም ማለት ይማራል። ቀጥሎ በአንገት ገመድ ይመራል፤ በረጅም ገመድም በክብ ይዞራል። ከዚህ በኋላ ግላስ፥ ቀጥሎ ባዶ ኮርቻ፥ በመጨረሻ ሰው ይጫንበታል። አንዱ ሳይጸና ወደ ሁለተኛው አይታለፍም።

በአራተኛው ወር እኔ ይህን ሥርዓት ጣስሁ። በጋጣው ውስጥ ገና ባዶ ኮርቻ በመልመድ ላይ የነበረ አንድ ዳማ ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ለመስቀል ሊሸጠው ከአንድ ሰው ጋር ተስማምቷል። ባልደራሱ ገበያ በሄዱበት ቀን ልጓሙን ከተሰቀለበት አውርጄ፥ አግብቼለት፥ ወደ ሜዳው ወጣሁ። ጥቂት በሶምሶማ ከሄደ በኋላ ደንግጦ ሽምጥ ጋለበ። እኔም ፈርቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ዛቡን ሳብሁት። በፈረስ ፊተኛ ጥርስና መንጋጋ መካከል ጥርስ የሌለበት ክፍት ቦታ አለ፤ ልጓም የሚያርፈው በዚያ ነው። ድዱ ስስ ነው፤ ከሥሩም ወዲያው አጥንት ነው። እኔ ከመሬት ስነሣ፥ ፈረሱ ከአፉ ደም እየፈሰሰ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጓም ባየ ቁጥር ወደ ግድግዳው ዞሮ ጀርባውን ይሰጠን ጀመር። ገዥው መጥቶ ይህን ባየ ጊዜ ሳይገዛ ተመለሰ። ባለቤቱም ተቈጥቶ፥ «ይህን ያደረገ ማነው?» ሲል ባልደራሱን ጠየቀ። እኔ በበሩ ሥር ቆሜ እጠብቅ ነበር። እርሳቸው ግን፥ «ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ፤ ልጓሙን ልጅ በማይደርስበት መስቀል ነበረብኝ» አሉ።

ማታ ብቻችንን በሆንን ጊዜ፥ «ልጄ፥ ፈረሱ አላጠፋም። ያላስተማርነውን ጠየቅኸው፤ ስላልመለሰ ቀጣኸው። ያበላሸኸውን አንተው ታቃናዋለህ» አሉኝ። ሁለት ወር ያህል ጨው በመዳፌ ይዤ ወደ ዳማው ተመላለስሁ። በመጀመሪያ ልጓሙን ሩቅ ሰቀልሁት፤ ቀጥዬ ከገብሱ አጠገብ አኖርሁት። አንድ ቀን ጠዋት ራሱ አፉን ወደ እጄ ሲያቀርብ አለቀስሁ። ያን ዕለት ነው ባልደራሱ፥ «አሁን ውጣ» ያሉኝ።

ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፥ ሰው ተቈጥቶ ወደ ፈረስ እንዳይቀርብ መክሯል። የነቀምቴው ባልደራስ ዜኖፎንን አላነበቡም፤ ነገር ግን በሥራቸው አስተማሩኝ።

አድማጮቼ ሆይ፥ ከዚያ ወዲህ በሥራ ዓለም ብዙ አለቆችን አየሁ፤ እኔም በተራዬ አለቃ ሆንሁ። አንድ ወጣት ጸሐፊ ተሳስቶ ደብዳቤ ባበላሸ ጊዜ ሁሉ፥ ዛቡን ከመሳቤ በፊት «ይህን አስተምረነው ነበርን?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ባልሳካልኝ ቀን የዳማው አፍ ይታየኛል፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለው ድምፅም ይሰማኛል።

በአገራችን፥ «ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው» ይባላል። ባልደራሱ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው፥ «ጋጣውስ?» ይሉ ነበር።